የዓሣ ቆዳ የለበሰችው ሙሽራ

ዙሌይዴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ከአንገቷ እስከ ግራ እጇ ጣቶች ድረስ ተቃጥላ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነርሷን ስትሳደብ ነው።

ትሪ ይዤ ገባሁ። ትሪውን ገላመጠችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የዓሣ ቆዳ ነው።»

«ሎሚውስ? በኋላ ነው የሚመጣው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ትሪው ዘመም አለና አንዱ ቁራጭ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ሐኪሟ ዶክተር ቴልማ በዓይናቸው ገደሉኝ።

«ዤኒቫልዶ! ሂድ ሌላ አምጣ!»

«ቀስ ብለህ ና» አለችኝ በሽተኛዋ፣ ከንፈሯ በሕመም እየተንቀጠቀጠ። «ዓሣው እንደሆነ ሞቷል፣ አይቸኩልም። ያልሞትኩት እኔ ነኝ።»

ሌላውን ሰው ፍቅር የሚይዘው ጭፈራ ቤት ወይ ባሕር ዳር ነው። እኔን ፎርታሌዛ ከተማ ውስጥ፣ የቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ኮሪደር ላይ፣ ወደ ማቀዝቀዣው ስሮጥ ያዘኝ...

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት አታዝኑልኝም።

እኔ የካስታንያዎን ግድብ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ስገፍፍ ነው። ዶክተር ቴልማና ጓደኞቻቸው ለተቃጠለ ሰው የዓሣ ቆዳ ማልበስ ሲጀምሩ፣ ቆዳውን ሳይቀድ የሚገፍፍ እጅ ፈለጉና እኔን አገኙ። ሥጋውን በቢላ ጀርባ እፍቃለሁ፣ አጥባለሁ፣ በመድኃኒት እዘፈዝፋለሁ። በጨረር ከጀርም ጸድቶ ሲመለስ አቀዘቅዛለሁ። ሲፈለግ ደግሞ አለቅልቄ፣ በቁስሉ ልክ ቆርጬ ለሐኪሞቹ አቀብላለሁ። ቆዳው ዓሣ ዓሣ አይሸትም። ይህን ብዬ ያመነኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።

ዙሌይዴ የጃጓሪባራ ልጅ ነበረች፤ ከግድቡ ማዶ። ጋዝ አልቆባት በጣሳ ውስጥ አልኮል አንድዳ ባቄላ እየቀቀለች ነበር። እሳቱ የጠፋ መስሏት አልኮል ስትጨምርበት ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ዘለለና እጇ ላይ ፈነዳ። ስልኳ ከጠረጴዛው ጋር ቀለጠ። የዕድሏን መክፋት እዩት፣ ለሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። በኛ አገር ሰኔ ሲመጣ በየከተማው የጭፈራ ቡድን ይወጣል፤ ሙሽራና ሙሽሪት ሆነው የሚጨፍሩ ሁለት ሰዎች ይመረጣሉ። ሙሽሪቷ ሦስት ዓመት ሙሉ እሷ ነበረች። ሙሽራው ኢቫንድሮ የሚባል የሞተር ታክሲ ነጂ ነበር። በጭፈራ የጀመሩት ከምር ሆኖ በመስከረም ሊጋቡ ቀን ቆርጠው ነበር።

ያን ቀን ዶክተር ቴልማ ቆዳውን ቁስሏ ላይ እያነጠፉ አስረዷት።

«ግንበኛ ፎቅ ሲሠራ ርብራብ ያቆም የለ? ይኼም እንደሱ ነው። ሥጋሽ በዓሣው ቆዳ ላይ ተደግፎ ያድጋል። በየቀኑ እየተፋቀ የሚቀየር ፋሻ የለም። ሲድን ርብራቡ ራሱ ይነሣል።»

«ፎቁ ካልቆመስ?»

«ይቆማል።»

ክንዷን አየችው። ግራጫና ቡናማ፣ ቅርፊት ቅርፊት የሆነ ክንድ። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

«ኢቫንድሮ ሲያየኝ በመረብ ነው የሚይዘኝ» አለች።

ስሙን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ለሥራ ወደ ግቢው በር ስወጣ አንድ ረጅም ልጅ ከዘበኛው ጋር ሲጨቃጨቅ አየሁ። ሸሚዙ በአቧራ ቀልቷል። ከጃጓሪባራ እስከ ፎርታሌዛ በሞተር መጥቷል። ነጭ ጋወኔን ሲያይ ዘበኛውን ትቶ ወደኔ ሮጠ።

«ወንድሜ፣ ዙሌይዴ የምትባል... የተቃጠለች ልጅ... የሷ ሐኪም ነህ?»

«ሐኪም አይደለሁም። ግን እሷ ጋ ነኝ።»

«አምስት ደቂቃ ልያት። አምስት ደቂቃ ብቻ!»

ማለት የነበረብኝ «እጅህን ታጠብ፣ ጋወን ልበስ፣ ግባ» ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ዙሌይዴ ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ተቀምጣለች።

«ማንንም ማየት አትፈልግም» አልኩት።

«እኔንም?»

«በተለይ አንተን።»

ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አልረሳውም። በጥፊ የተመታ ሰው እንኳ እንደዚያ አይሆንም። «እሺ... ታርፍ» አለና ሞተሩን እየገፋ ሄደ። ማስነሣቱንም ረሳው።

ወደ ክፍሏ ተመለስኩ።

«ሰው መጥቶ ነበር?» አለችኝ።

«ማንም አልመጣም።»

የመጀመሪያው ውሸት አፌን አምልጦት ነው ልበል? እሺ፣ ልበል። ሁለተኛውን ግን አስቤበት ነው።

በአምስተኛው ቀን ኢቫንድሮ ደግሞ መጣ። ራፓዱራ፣ የረጋ የሸንኮራ ስኳር፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል፤ ጣፋጭ እንደምትወድ አውቃለሁ።

«ነገርካት?» አለኝ።

«ነገርኳት። ፊትህን ሳስበው የእሳቱ ሽታ ይመጣብኛል አለች።»

«እኔ ምን አደረግኳት? እሳቱ ሲነሣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ!»

«የበሽተኛ ነገር ነው። ከወደድካት አታስጨንቃት።»

ራፓዱራውን ተቀብዬው ገባሁ። ከሰዓት ላይ ቆርሼ ሰጠኋት።

«ከየት አመጣኸው?»

«ገዛሁልሽ።»

«አንተ ዓሣ ነጋዴ!» አለችኝ እያላመጠች። «ልብ አለህ ለካ።»

እናንተው ፍረዱ። በሰው ስጦታ ነው የመጀመሪያውን ፈገግታዋን ያገኘሁት።

አክስቷ እትዬ ዞራይዴ እሁድ ሲመጡ ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። እናቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ያ ኢቫንድሮ ብቅ አለ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ስሙን አያንሱባት። ሲነሣባት ደም ግፊቷ ይጨምራል፣ ለቁስሉ ጥሩ አይደለም።»

«እግዜር ይስጥህ! አንተ ባትኖር ምን ይውጣት ነበር?» ብለው እጄን ሳሙት። የዓሣ ቢላ የፈገፈገውን እጄን ሳሙት።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ከኔ ጋር ብቻ ሆነ። ምላሷ ስለት ነበር። ነርሶቹ ይፈሯታል፤ እኔ ግን ስድቧን ለመስማት በየሰበቡ እገባለሁ።

«ለኔ ስንቱን ገፈፍክ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ነፍስ! እኔ በነሱ ብሆን ጣትህን ነክሼ ነበር የምሞተው።»

«ነክሰውኛል። ይኸው እይ።»

ጣቴን በጤነኛ እጇ ይዛ ጠባሳውን ደባበሰችው። ወዲያው ሳቋ ጠፋ።

«ዤኒ... ሰው ሲቃጠል ወዳጆቹ ይሸሹታል እንዴ?»

መልሱን አውቀው ነበር። በሞተር ከአንድም ሁለቴ የመጣውን መልስ።

«አንዳንዱ ይሸሻል» አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን ኢቫንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ግባ አልተባልኩም ብሎ አልተጨቃጨቀም። ደብዳቤ ብቻ ሰጠኝ።

«ይቺን አንብብላት። እምቢ ካለች አልመለስም። ጎያስ ውስጥ የሥራ ቦታ አለ፤ እዚያ እሄዳለሁ።»

እስከ ከሰዓት በር ላይ ጠበቀ። ደብዳቤውን አነበብኩት። ከዚያ ፍቃፊ የሚጣልበት ባልዲ ውስጥ፣ ከዓሣ ሥጋና ደም ጋር ከተትኩት። ወጥቼም እምቢ አለች ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

አልኮሏን እሳት ላይ ያፈሰሰችው ሳታውቅ ነው። እኔ ግን ያደረግኩትን አውቄ አደረግኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቆዳው ደርቆ ጫፍ ጫፉ መነሣት ጀመረ። ዶክተር ቴልማ ቫዝሊን ቀብተው ቀስ እያሉ አነሡት። ከሥሩ ሮዝ፣ እንደ ሕፃን ተረከዝ የለሰለሰ ቆዳ ወጣ። ነርሶቹ አጨበጨቡ። ዙሌይዴ ግን ክንዷን ሳይሆን በሩን ነበር የምታየው።

«መስተዋት ስጠኝ» አለችኝ ብቻችንን ስንቀር። አንገቷን፣ አገጯን አየች። «ዤኒ፣ እውነቱን ንገረኝ። አስጠላለሁ?»

«ከዚህ በፊት እንደዚህ ያማረ ነገር አላየሁም።»

«ውሸታም!» አለችና አለቀሰች። «ውሸትህን ነው... ግን ድገምልኝ።»

ደገምኩላት።

ጃጓሪባራ ስትመለስ ኢቫንድሮ የለም። «ከተቃጠለች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥሏት ሄደ» አለ ከተማው ሁሉ። እሱ ለማንም አልተናገረም ነበር። አልፈልግህም ተብሎ የተመለሰ ወንድ ምን ብሎ ያወራል? የቡድኑ ልጃገረዶች አዲስ ሙሽሪት መረጡ። ዙሌይዴ ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ ይሳሳቃሉ።

«ቆሮሶዋ መጣች!»

«ውሃ አጠጧት፣ እንዳትሞትብን!»

እሷም ዞር ብላ «አንቺ ብትቃጠዪ ዓሣ አይበቃሽም፣ አዞ ነው የሚገፈፍልሽ» ትላቸዋለች። ቤቷ ገብታ ግን እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ስባ፣ በዚያ ሙቀት፣ መረብ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ትውላለች።

በየሳምንቱ እሁድ ከፎርታሌዛ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። ጠባሳዋን በዘይት አሻላታለሁ። መጀመሪያ «ዓሣ ነጋዴው መጣ» ትል ነበር፤ ቆይታ «ለምን ዘገየህ?» ማለት ጀመረች። ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ክንዷን እያሸሁላት ሳለ እጄን ያዘችው።

«ሁሉም ሲሸሸኝ አንድ ሰው አልሸሸኝም» አለች። «ዓይኔን በር ላይ ተክዬ አጠገቤ የነበረውን አላየሁትም። ዤኒ... ታገባኛለህ?»

እሷ ናት የጠየቀችኝ። ደስታ የሚገድል ቢሆን እዚያው በሞትኩ፤ ቢገድለኝም ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «አዎ!» ነው።

ለሠርጉ ገንዘብ ስናጠራቅም ሌላ ዓመት አለፈ፤ ሠርጋችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው የኢቫንድሮ አባት ሞቱ። ኢቫንድሮ ለቀብር መጣ። ዙሌይዴም የጎረቤት ደንብ ነውና ቀብር ሄደች።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ቆዳ እየፋቅኩ ሳለ የላቦራቶሪው በር ተከፈተ። በአውቶቡስ ብቻዋን መጥታለች። አልተቀመጠችም።

«ስንት ጊዜ መጣ?»

ቢላው ከእጄ ወደቀ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ሦስት ጊዜ።»

«አየህ፣ እሱም ሦስት አለኝ። ቢያንስ ቁጥሩ ላይ አትዋሹም።» ድምፅዋ አልተነሣም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። «ከአባቱ መቃብር አጠገብ ቆሜ ‹እሳት ውስጥ ጥለኸኝ ሄድክ› አልኩት። አባቱን በቀበረበት ቀን! እሱም ‹ሦስቴ መጥቼ ሦስቴ አባረርሽኝ፣ ፊትህ እሳት እሳት ይሸተኛል አልሽ› አለኝ። እኔ እንደዚህ ብያለሁ፣ ዤኒ?»

«አላልሽም።»

«ራፓዱራውስ?»

«እሱ ያመጣው ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሁሉ ያቺ ራፓዱራ የመታቻት መሰለኝ።

«የሰጠህ ደብዳቤ ምን ይላል?»

«ጣልኩት።»

«ምን ይላል ነው ያልኩህ! እሱ አግብቷል፤ ሚስቱ ልጁን ታቅፋ አጠገቡ ቆማ ነበር። ምን ብለህ ጽፈህልኝ ነበር ብዬ እሱን ልጠይቀው? አንተ ንገረኝ። አንብበኸዋል፤ አውቅሃለሁ።»

በቃሌ ነው የማውቀው። እያንዳንዱን ፊደል።

«‹ዙሌይዴ፣ እጅሽ ቢቀር በአንድ እጅሽ እንጨፍራለን። መልክሽ ቢጠፋ በስድብሽ አውቅሻለሁ። አንቺ ሳትሆኝ ሕመምሽ ነው እምቢ ያለኝ ብዬ ራሴን አታልያለሁ። ብቻ አንዴ ግባ በይኝ። ካላልሽኝ ግን መኖሬን የማያውቅ አገር እሄዳለሁ።›»

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«አንዴ ደግሞ ድገመው።»

ሦስተኛውን መጨረስ አቃተኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሷ አልተቀመጠችም።

«ወድጄሽ ነው!» አልኳት። «ዙሌይዴ፣ ወድጄሽ ነው...»

«አውቃለሁ። እሱ ነው የሚያስጠላው።» እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ወደኔ ዘረጋች። «ዶክተሯ የዓሣ ቆዳ እናለብስሻለን፣ ሕመሙ ይቀንሳል ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ክንዴ አላመመኝም። ያመመኝ በሩ ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሩ። አንተም አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስታመም ታየኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ለአንድ ቤት አንድ ዋሾ ይበቃል፤ እኛ ደግሞ ቤት የለንም።»

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ለዶክተር ቴልማ ዛሬውኑ ራስህ ትነግራቸዋለህ። ሌላ እንደኔ በከንቱ የምትጠብቅ ሴት ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ እንዳትተኛ።»

ነገርኳቸው። ዶክተር ቴልማ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆዳው ላይ አንዲት ስህተት ሠርተህ አታውቅም» አሉኝ። «እንዳንተ ያለ እጅ አላገኝም። ጓንትህን አውልቅና ውጣልኝ።»

እትዬ ዞራይዴም አንዴ መጥተው ነበር። ያኔ የሳሙትን እጄን ይዘው፣ «ከንፈሬን በሳሙና ታጠብኩ» አሉኝ። ኢቫንድሮ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ወደ ጎያስ ተመለሰ። ሚስቱ ምን አጠፋች? ልጁስ? ዙሌይዴ አላስቀረችውም፤ ለመቅረትም አልጠየቀም። ሁለት ሰው ያለ ጠብ፣ ያለ በደል፣ በኔ ምላስ ተለያይቶ ቀረ።

ወደ ግድቡ ተመለስኩ። አሁን ዳር ላይ ቆሮሶ እየገፈፍኩ እሸጣለሁ። ቆዳውን አንድ መኪና እየመጣ ለላቦራቶሪው ይወስዳል። የማን ገላ ላይ እንደሚያርፍ አልጠይቅም።

አምስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሰኔ፣ የዓሣ አጥማጆች የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ቀን፣ ጀልባዎቹ አጊጠው ሲዞሩ የጃጓሪባራ የጭፈራ ቡድን ወደኛ ዳር መጣ። የሚያሠለጥናቸው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከበሮው ቆሞ ልጆቹ ሊበሉ ሲበተኑ አንዲት ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳለች። የአንገቷና የክንዷ ጠባሳ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል፤ አልሸፈነችውም። ከኋላዋ አኮርዲዮን ያንጠለጠለ ሰው ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይጠብቃታል።

ቢላው እጄ ውስጥ ቀረ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትሰድበኝ ዘንድ ጸለይኩ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ። «ዓሣው ትኩስ ነው?»

«ዙሌይዴ...»

«ሁለት ኪሎ ቢሰጡኝ።»

ቢሰጡኝ! «አንተ ዓሣ ነጋዴ» ስትለኝ የኖረች ልጅ... እኔን፣ ጠባሳዋን ያሸሁትን፣ አንቱ!

«ዙሌይዴ፣ ይቅርታ...» አልኩ።

«የምን ይቅርታ ጌታዬ? አይቸኩሉ፣ እጠብቃለሁ» አለችኝ። ፈገግታዋ ጨዋ ነበር። ቂም የለበትም፤ ምንም የለበትም።

መዝኜ፣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ባሏ ሄደች።